ከክቡ ውጭ የቆመው መንፈስ ጠሪ

ኤሌክትሪሻኑ በመናፍስት አያምንም፤ በፊውዝ ያምናል። ቢሆንም እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ በጎረቤቱ በጸጉር አስተካካዩ ሱቅ ውስጥ መስታወቱ ሥር ይቀመጥና መንፈስ ጠሪ ይሆናል። ይህን በምናብ የሚጫወቱትን የተረት ጨዋታ ያመጣችው የኤሌክትሪሻኑ ልጅ ናት። ታሪኩን የምትመራው እሷ፣ አውሬውንም መንፈሱንም ሆና የምትናገረው እሷ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየገጹ ቁጥር ያለበትን ዳይስ ይጥሉና የመጣውን ይቀበላሉ። በጨዋታው ጸጉር አስተካካዩ ጦረኛ ነው። እስካሁን የገደለው የለም።

ልጅቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ነገ ትሄዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነበር። አባትየው ሻንጣ ገዛላት፤ ዚፑንም ደጋግሞ ፈተሸ። "አትሂጂብኝ" ማለት ግን አልሆነለትም።

በመጨረሻው ጨዋታ መንፈስ ለመጥራት ተነሣ። ወረቀት ላይ የመጥሪያውን ክብ አሳምሮ ሳለና፣ በእሱ ቦታ የምትቆመውን የሸሚዝ ቁልፍ ከክቡ ውጭ አስቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ አደገኛውን አጥሮ ውጭ የቆመ ሰው ነው።

"አባዬ፣ ክቡ የሚጠብቀው አንተን ነው። ጠሪው ውስጥ ነው የሚቆመው" አለች ልጁ።

"ኤሌክትሪክ ያለበት ገብቼ ልቁም?"

"መንፈስ እኮ ነው።"

"ያው ነው።"

ጸጉር አስተካካዩ፣ "የፈሩት ይደርሳል" አለና መቀሱን መወልወል ቀጠለ።

ደረሰም፤ ቁልፉ ከክቡ ውጭ እንዳለ መንፈሱ ተጠራ። ልጅቱ ሕጉን አነበበች፤ ጠሪው ከክብ ውጭ ሆኖ የጠራው መንፈስ አብሮት ቤቱ ይገባል፣ ዕቃ ይደብቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ለማሰናበት ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ከሁለት በላይ ካወጣ ይበቃል።

"ጣለውና በሰላም እንለያይ" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ኤሌክትሪሻኑ ዳይሱን አየት አደረገና ኪሱ ከተተው።

"ይቆይ።"

"አባዬ፣ ካልተሰናበተ ጨዋታው አያልቅም እኮ። ምን እንዳደረገህ በየሳምንቱ መጠየቅ አለብኝ።"

"ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል፤ ትጠይቂያለሽ።"

ልጅቱ መጽሐፉን ዘጋች። ቶሎ ቀና አላለችም።

በሳምንቱ እሁድ ደወለች።

"መንፈሱ ምን አደረገህ?"

ፒንሳ ደበቀብኝ ሊል ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቷል። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣው።

"ቤቱን ጭር አደረገብኝ፣ ልጄ።"