አባባ የበረዶ ሜዳውን በር የያዙ ቀን

ባለፈው ሳምንት አባባ ደወሉና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ይሄን ልጅ ደብቀውታል!» አሉኝ። የከተማችን የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን የውድድር ዘመኑን በሽንፈት ጀምሮ የሰዉ አንጀት አርሯል። አሠልጣኙ ገና ጢም ያላወጡ ልጆችን እያስገባ ይሞክራል፤ ከነሱ አንዱን አባባ ወደውታል። በደወሉበት ምሽት ልጁ ብዙም አልተጫወተም።

«አሞት ይሆናላ» አልኳቸው።

«ምን አሞት! አንድ ነገር አለ።»

ለአባባ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ኖርዝ ዮርክ ካለው ፎቅ ቤታቸው ሆነው ሊፍቱ የቆመው ለምን እንደሆነ፣ ጎረቤታቸው ውሻ የገዛው ማንን አስቦ እንደሆነ ሁሉ ይመረምራሉ። ሰው ጎረቤቱን እየፈራ በሚያድርበት ዘመን ውስጥ ያለፉ ናቸውና አልፈርድባቸውም። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቄ መጣ፤ አባባን ከሆኪ ጋር ያስተዋወቅኋቸው እኔው ነኝ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ስካርቦሮ በሚገኘው የሰፈራችን የሴቶች ቡድን ተከላካይ ነበርኩ። አብራኝ የምትማር ልጅ ጎትታኝ ነው የሄድኩት፤ አንዴ በረዶው ላይ ከቆምኩ በኋላ ግን የሚያወርደኝ ጠፋ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛዬ የሚስቁ ልጆች እዚያ ላይ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ያንን የሚያክል ደስታ በዚያ ዕድሜዬ አላውቅም።

የዚያን ዓመት ጎበዞቹ ትልልቅ ልጆች ዕድሜያቸው አልፎ ወጡና በቦታቸው ትንንሾች መጡ። ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር መሸነፍ ጀመርን፤ ቅጠሉ ረግፎ አለቀ፣ እኛ ገና እየተሸነፍን ነበር። አሠልጣኛችን ማርሊን ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ነበረች። አትቆጣም። «ይለምዳሉ» ትልና እነዚያኑ ትንንሾች መልሳ ታስገባለች። ይሄ አለመቆጣቷ እኛንም አጠራጠረን። የተሸነፈ ሰው እንዴት አይናደድም? አንዷ «ልትለቀን ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ቡድኑ ሊፈርስ ነው፣ ደብቃን ነው» ትላለች። እማዬ በሶ በማር በጥብጣ በጠርሙስ ትይዝልኝ ነበር። ሽንፈቱ ሲበዛ እሱንም በጎን ያዩት ጀመር፤ አንዷማ «ምንድነው የምትጠጪው?» ብላ አሸተተችው።

አባባ ሊያዩኝ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ማሞቂያዋ በተበላሸ አሮጌ መኪናቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነድተው፣ የተጠበሰ ድንችና ኮምጣጤ የሚሸተው አዳራሽ ውስጥም ሳያወልቁት ቆሙ። በወጣትነታቸው ለሰፈራቸው ቡድን እግር ኳስ የተጫወቱ ሰው ናቸው። በእግር ኳስ ደግሞ ተጫዋች የሚወጣው ወይ ሲጎዳ ወይ ሳይረባ ሲቀር ነው፤ አንዴ ከወጣም ወጣ፣ አይመለስም። ሆኪ እንዲያ አይደለም። ሩጫው ትንፋሽ ስለሚጨርስ ሁሉም በየደቂቃው እየወጣ ያርፋል፣ ተመልሶ ይገባል። አባባ ግን ሌላውን መች አዩ! ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ገባሁ፣ ወጣሁ። ገባሁ፣ ወጣሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ይህችን ሴትዮ ምን አድርገሻት ነው?» አሉኝ።

«ምንም! ሁሉም እኮ ይወጣል፣ አባባ።»

«ልታታልይኝ ነው? በሰው ፊት እያዋረደችሽ ነው። በሚቀጥለው ካስወጣችሽ ያንን ጫማ አውልቀሽ ወደ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ሆኪ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

አባባ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ማርሊን እንድወጣ ስትጠራኝ እንዳልሰማ ሆንኩ። ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጀርባ የአባባ ካፖርት ይታየኛል። ደግማ ጠራችኝ። እግሬ ከበደኝ፤ ብሞትም አልወጣም! ከተጋጣሚዎቻችን አንዲት ቀጭን ልጅ በጎኔ እልም ብላ አለፈችና ጎል ሆነ። አዲሷ ትንሽዬ ግብ ጠባቂያችን እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ለዕረፍት ስንቆም አባባ ደረጃውን ወርደው ማርሊን ፊት ተገተሩ። እንግሊዝኛቸው ለጠብ አይበቃም። «ልጄን ለምን እንደምታስወጣት ጠይቂያት» አሉኝ።

ጠየቅኋት። ማርሊን «ሁሉም ይወጣል። ሳያርፍ የቀረ ጎል ያስቆጥርብናል፤ አሁን ያዩት እሱን ነው» ብላ መለሰች። እኔም አንዲት ቃል ሳልጨምር ለአባባ ነገርኳቸው።

እሷን ትተው እኔ ላይ አፈጠጡ። «እንዲህ አላለችም።»

«ኧረ እንዲሁ ነው ያለችው!»

«አንቺ ነሽ የምታለዝቢው። ከሆኪው እንዳላስወጣሽ ፈርተሽ ነው።»

እንባዬ ዱብ አለ። ዓለምን በሙሉ ይጠርጥሩ፤ እኔን? አገሩን ከረገጥን ጀምሮ በየሄዱበት አፋቸው የሆንኩትን እኔን? በጣም ነው የከፋኝ።

ማርሊን ቃሉ ባይገባትም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ፣ ተጫዋቾች ከወንበራችን ወደ በረዶው የሚገቡበትንና የሚወጡበትን አጭር በር አሳየቻቸው። ያንን በር አንድ ወላጅ ቆሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የዚያን ቀን ባለተራው ቀርቶ ነበር። በእጇ ክፈት፣ ዝጋ አለቻቸው።

«አፌን ልታዘጋኝ ነው» አሉኝ አባባ። ቢሆንም በሩን ያዙ።

በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉም በእጁ ያልፋል። እያለከለኩ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ትንሹም ትልቁም በተራ ወጡ፣ ገቡ። የማርሊን የራሷ ልጅ ሳትቀር ወጣች። የማን ልጅ እንደሆነች ስነግራቸው አባባ ወደ እኔ ዞረው «ይህችም?» አሉ። «ይህችም» አልኳቸው። ኋላ ላይ እኔ ገብቼ ተራዬ ሲያልቅ፣ መውጣት ፈርቼ ስዞር ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው።

«ነይ ውጪ አንቺ! አልቀሻል እኮ!»

በሩን ወለል አድርገው ከፍተውልኝ ነበር።

ያኔም ተሸነፍን። ስንመለስ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ «ነግረሽኝ ነበር» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«አላመንኩሽም።»

ከአባባ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ስለማላውቅ ደስ ከሚለኝ ይልቅ ደነገጥኩ። ማርሊንን ግን እስከ መጨረሻው ጠረጠሯት፤ በሩንም ለማንም አልለቀቁም። ክረምቱ ሲገፋ ትንንሾቹ እውነትም ለመዱና አልፎ አልፎ ማሸነፍ ጀመርን።

ትናንት ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር። ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ እያሳየ በሽታው የሚድን እንዳልሆነ ነገረኝ። እኔም ያለውን እንዳለ በአማርኛ ነገርኳቸው። አባባ የሐኪሙን ፊት እንኳ አላዩም።

«እሺ» አሉ እኔን እያዩ። «አንቺ ካልሽ።»

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያምኑኝ ስመኝ ኖሬ፣ ያን ሰዓት ግን አንዴ ብቻ «እንዲህ አላለም» እንዲሉኝ በልቤ ለመንኩ። አላሉኝም።