«ነጥፈሻል» ያሉኝ ጊዜ

ቅዱሳን፣ ከኋላ ወንበር ተነስቼ እዚህ ፊት መቆም ለእኔ ቀላል አይደለም። ሁለት እሁድ ልነሳ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ አንጀቴ አያርፍም። ንዴትም አለብኝ። እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ታገሡኝ።

ያደግኩት ሰበታ ነው። ከገመቹ ጋር ተጋብተን ቡራዩ ስንገባ ወደዚህ የጌታ ቤት መምጣት ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ አማኝ የነበርኩት በስም ነው። እሁድ መጥቼ አጨበጭባለሁ፣ ሰኞ ጌታን አላስታውሰውም።

ልጄን ኬናን በወለድኩ በአምስተኛው ቀን ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቼ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ኬና ከገመቹ እናት ጋር ቤት ቀረች፤ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ ይሰጧት ነበር። በዚያ አልናደድም። ያ ወተት ባይኖር ልጄም አትኖርም ነበር። ጌታ ይመስገን።

የምናደደው ከተመለስኩ በኋላ በሆነው ነው። ጡቴን ስሰጣት ፊቷን አዙራ ጮኸች። ጡቴም ለስልሶ ባዶ ሆኗል። አማቴ አዴ ጫልቱ ሱሉልታ ላም የሚያረቡ ሴት ናቸው። ጡቴን በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነጥፈሻል» አሉኝ። «ላም አንዴ ከነጠፈች እስክትወልድ አትታለብም። አታልቅሺ፣ በሚቀጥለው ልጅ ይመጣል።»

«እማዬ፣ ትንሽ ብንሞክርስ?» አልኳቸው።

«በደረቀ ጡት ልጅቷን አታናድጃት» አሉና ጡጦውን አቀበሉኝ።

በክፋት አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ያለቡ ሴት ናቸው፤ የሚያውቁትን ነገሩኝ፣ እኔም አመንኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሙን ስጠይቀው ግን ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ቆርቆሮው ምን አለው? እሱኑ ቀጥዪ» አለኝ። ጥያቄዬን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

ከዚያ ኬና ተቅማጥ ያዛት። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ውሃ ጡጦ ማጠብ ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ እናቶች ታውቃላችሁ። ልጄ ክንዴ ላይ ቀለለችብኝ። ጨንቆኝ ወደዚህ ቤት መጣሁ፣ ጸሎት ክፍል ገባሁ። አንዲት እህት እጇን ጭና ጸለየችልኝ። ስሟን አልጠራም፤ አሁንም እዚሁ ተቀምጣለች። ጸልያ ስትጨርስ፣ «ጡትሽ በከንቱ አልተዘጋም። የደበቅሽው ኃጢአት አለ። እሱን አውጪ» አለችኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጄ ታማ ሳለ እኔ ቀኑን ሙሉ ኃጢአት ስለቅም ዋልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ሌላ ሲጠፋኝ፣ ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ሱቅ ከረሜላ መስረቄን ለገመቹ ተናዘዝኩ።

«ከረሜላ?» አለና ሳቀ። «እግዚአብሔር ለአንድ ከረሜላ ብሎ የሕፃን ምግብ ይዘጋል?» ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው።

ያ ጥያቄ ውስጤ ገባ። ጠዋት ግቢ ውስጥ የልጄን ጨርቅ እያጠብኩ ንዴቴ ገነፈለ። ጸሎት አልለውም፣ ጠብ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ አንተ እንዲህ ነህ? በእኔ ከረሜላ ልጄን ታስርባለህ? እንዲህ ከሆንክ አላውቅህም። ካልሆንክ ግን አሳየኝ» አልኩት። ከልቤ ያናገርኩት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። መቼ አመንሽ ብትሉኝ ያን ጠዋት እነግራችኋለሁ። ተቆጥቼ ነው ያመንኩት። እሱ ግን አልተቆጣኝም። ክብር ለእሱ ይሁን።

ጨርቁን ሳላሰጣ ኬናን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መዘነቻት፣ ለተቅማጡ መድኃኒት ሰጠቻት፣ ከዚያ «ጡት ትጠባለች?» አለችኝ።

«ነጥፌያለሁ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን አልሽ?»

«ነጥፌያለሁ። አማቴ አይተውኛል።»

«አማትሽ ሐኪም ናቸው?»

«ላም ያረባሉ።»

«ስለ ላም ልክ ናቸው። አንቺ ግን ላም ነሽ እንዴ?»

አፈርኩ። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «የሴት ጡት ሌላ ልጅ እስኪወለድ አይጠብቅም» አለችኝ። «ልጅ ደጋግማ ስትስበው ሊመለስ ይችላል። ለሁሉም ሴት እኩል አይመለስም፣ ቃል አልገባልሽም። ግን ሳትሞክሪ ማን ዘጋብሽ?»

እዚያው አለቀስኩ። ኀዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ስንት ሰው ጋ ሄጄ፣ አንድ ሰው እንኳ «እስቲ ልጅሽን አስጠጊያትና እንይ» አላለኝም።

ነርሷ የቆርቆሮውን ወተት በአንዴ እንዳላቆም አስጠነቀቀችኝ። ቀጭን ቱቦ ሰጠችኝ። አንዱ ጫፍ ወተቱ ያለበት ኩባያ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በፕላስተር ከጡቴ ጫፍ ጋር ይያዛል። ኬና ጡቴን ስትስብ ወተቱ በቱቦው ይመጣላታል፤ ስለዚህ ተናዳ አትተወውም፣ ጡቴም በመሳቧ ይነቃል። ልብሷን አውልቄ ደረቴ ላይ አቅፋታለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ አስጠባታለሁ፣ በየሳምንቱ ወስጄ አስመዝናታለሁ።

አዴ ጫልቱ ቱቦውን ሲያዩ፣ «ደግሞ ለጡትም ግሉኮስ ተጀመረ?» አሉ።

ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ፕላስተሩ ቆዳዬን ላጠው። ስንበረከክ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ እኔ አስጠጋታለሁ፣ አንተ አፍስስ።»

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት እያጠባኋት አማቴ ኩባያውን ሊሞሉ መጡና ቆሙ። «ይሄ ምነው አልጎደለም?» አሉ። ስናይ ቱቦው ክንዴ ሥር ታጥፎ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ኬና ግን ትውጣለች። በአፏ ጥግ ነጭ ወተት ወረደ። የእኔ ወተት ነው። ሃሌሉያ፣ የእኔ ነው።

አማቴ በጣታቸው ጠርገው አዩት። «እኔ የማውቀው የላሙን ነው» አሉ። «የሴቱን አላውቅም ነበር። ይቅር በይኝ፣ ኢንታላ ኮ።» እጃቸውን ስቤ ሳምኩት።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ክብደቷን እያየች ቆርቆሮውን በጥቂት በጥቂቱ ቀነስን። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ፣ ከዚያ ጡት ብቻ በቃት። ዛሬ ኬና ሰባት ወሯ ነው፤ ገንፎዋን ትበላለች፣ ጡቷን ትጠባለች። ጌታ ይመስገን።

አማቴ ባለማወቃቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይህ ቤት ግን አልጠየቀኝም። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ዝም ግን አልልም። ልጇ የታመመባት እናት እያለቀሰች ስትመጣ ኃጢአቷን አትጠይቋት። እግዚአብሔር ያላለውን በስሙ አትናገሩ። ጸልዩላት፣ ከዚያ ተነስታችሁ ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ። በቆርቆሮ የምታሳድግ እህትም ካለች አታሳፍሯት፤ የእኔም ልጅ በእሱ ተርፋለች።

እንደ እኔ በስም ብቻ የተቀመጣችሁም፣ ጌታን አናግሩት። የተጣራ ጸሎት እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ፤ ተቆጥታችሁም ቢሆን ንገሩት። የሚሰማ አምላክ ነው፣ እመኑት።

ሌላም ልናገር ነበር፣ ግን ይኸው ከኋላ ኬና እያለቀሰች ነው። ገመቹ ተነስቶ እያባበላት ነው፤ የምትፈልገው ግን እሱ ጋ የለም። ልሂድ ወገኖቼ። ስሙ ይባረክ፣ እኔ ጋ አለ።