ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ድምፅ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ነው የቆምኩት። አስቀድሜ ግን ነገሩ የነካቸውን ሰዎች በየስማቸው ልጥራላችሁ፤ ስም ሳይጠሩ መመስከር ሐሜት ይመስለኛል። እኔ ኪሮስ ነኝ፣ ግንበኛው። ባለቤቴ ታደሉ እዚያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ልጄ ስንዱ ናት፤ በስልኳ ዲግሪ የምትማረው። እናቴ እማማ ብርቄ ከትውልድ አገሬ ከደሃና መጥታ ክረምቱን እኛ ዘንድ የከረመችው ናት፤ እሷ እንደ አባቶቿ ኦርቶዶክስ ስለሆነች ዛሬ እዚህ የለችም። የመጨረሻዋ ምሕረት ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው።

"ዲዳዋ የኪሮስ ልጅ ተፈወሰች" ተብሎ በሰቆጣ እንደተወራ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁም ይህን ልትሰሙ መጥታችኋል። ፈውስ አለ፣ ጌታ ይመስገን! የተፈወሰው ግን ሌላ ሰው ነው። በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ ያልሆነውን ሆነ አልልም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አንዳንዱ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ነበር የማነበው። ከደሃና ስመጣ የማውቀው የእናቴን ቋንቋ ኽምጣኛን ብቻ ነበር። አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በተሰባበረ አማርኛ ጉዳዬን ስናገር ጸሐፊው ጓደኞቹን ጠራና "ስሙልኝ፤ እስቲ ድገመው" አለኝ። ደገምኩለት። ሳቁ። ያን ቀን፣ ከእኔ በሚወለድ ልጅ ማንም አይስቅም ብዬ ማልኩ።

ስለዚህ በቤቴ ሕግ አወጣሁ፤ ከአማርኛ በቀር አይነገርም። ድንጋይ ቱንቢ ጥዬ እንደምደረድር ልጆቼንም በቱንቢ አሳደግኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጫለሁ፤ አሥራት አላጎደልኩም፣ ከጸሎት አልቀረሁም። የዳንኩ ይመስለኝ ነበር።

ምሕረትን በጦርነቱ ክፉ ጊዜ፣ ጡት እንደጣለች፣ ደሃና እናቴ ጋ ልከናት እዚያው አደገች። በአምስት ዓመቷ ስትመለስ አማርኛ አታውቅም። በመጣችበት ምሽት ውሃ ጠየቀችኝ፣ በኽምጣኛ። ጣሳውን እንደያዝኩ "'ውሃ ስጡኝ' በይ" አልኳት። ዝም አለች።

"በይ!"

"ኧረ ኪሮስ፣ ልጅ ናት፤ መንገድ አድክሟታል" አለች ታደሉ።

"አንቺ ነሽ የምታበላሺያቸው" አልኳት።

ልጅቱን ጣሳው በእጄ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። በኋላ እናቷ ቀስቅሳ አጠጣቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምሕረት በቤታችን ስትናገር አልሰማሁም።

እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ፤ ጾምኩ፣ አለቀስኩ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጫኑባት። እሷ የጣሪያውን ማገር ታያለች። ሐኪም ጋ ወሰድኳት። "ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው" አለኝ። "ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምን ትሰማለች?"

"ሥርዓት" አልኩት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን ሰጠኝ።

በዚህ መሃል ነው ስንዱ ትምህርቷን የጀመረችው። የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ሳይንስ ይባላል። ማለዳ ጭጋጉ ሳይነሳ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ትወጣለች። ከደጄ ቆሜ ሳያት ሰውነቷ አይታይም፤ በነጩ ጉም ውስጥ የስልኳ ብርሃን ብቻውን ይንሳፈፋል። የከንቱ ነገር መብራት እለው ነበር።

"ሰው ማሳደግ በስልክ ይማራሉ?" አልኳት። "ስለ ፍየል ዕድገት ቢሆን እንኳ ይጠቅመን ነበር።"

"አባ፣ ለፍየልማ የግብርና ባለሙያ ተመድቧል፤ ለልጅ ነው የጠፋው" አለችኝ። ታደሉ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ዓይኗን ልትታከም መጣች። አንድ ቀን እርሳስ ስፈልግ የስንዱን ደብተር አገኘሁ። አንድን ሕፃን ለሁለት ወር እየተመለከቱ ያዩትን ብቻ መጻፍ፤ ይህ ነበር የተሰጣት የቤት ሥራ። መፍረድ አይፈቀድም። በእንግሊዝኛ ከመጻፏ በፊት በአማርኛ ታረቅቀዋለች። እንዲህ ይላል፦ "ጠዋት። ሕፃኗ ለአያቷ ስለ ፍየል ረጅም ወሬ አወራች፤ ሳቀች። የአባት ጫማ በደጅ ተሰማ። አቆመች።" ገለጥኩ። "የአባት ጫማ ተሰማ። አቆመች።" እንደገና ገለጥኩ። እንደዚያው ነው።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ንስሐ ገባሁ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልገባሁም። "በቤቴ ሰላይ አሳደግኩ!" ብዬ ጮህኩ፤ ስልኳን ቀምቼ በመሣሪያ ሳጥኔ ቆለፍኩበት። የፈተናዋ ሳምንት እንደሆነ አውቅ ነበር። ስንዱ አላለቀሰችም።

"አባ፣ ውሸት ከሆነ ጫማዎን አውልቀው ይስሙ" አለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ጥዬ መጣሁ። ከቅያሱ ላይ ጫማዬን አወለቅኩና በጓሮ በኩል፣ በገዛ እጄ ከገነባሁት ግድግዳ ጥግ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ድንጋዩ ይሞቃል፤ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል፤ ተራሮቹ ከቦታቸው ተነሥተው በአየር የቆሙ ይመስላሉ። ከማዶ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ልጅ መሰለችኝ፤ አላወቅኋትም። በኽምጣኛ ታወራለች፣ ታወራለች፤ እንደ ቦይ ውሃ አታቋርጥም። ከሃያ ዓመት በላይ በጆሮዬ ያላስገባሁት ቋንቋ ሰውነቴን አላላው። ገብስ የሚወቃበት አውድማ፣ የሞተው ወንድሜ፣ እናቴ በወጣትነቷ፣ ሁሉም በድምፅዋ ውስጥ መጡ። ቆሜ ሕልም የማይ መሰለኝ።

ከዚያ እናቴ "ለአባትሽ ለምን አታወሪለትም?" ስትል ሰማሁ።

"አባቴ የሚፈልገው ቃል እኔ ጋ የለም" አለች ልጄ።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ የልጄን አፍ ክፈት ብዬ የለመንኩህ የእኔን ጆሮ ልትከፍት ኖሯል! ሃሌ ሉያ! ወገኖቼ፣ የዳንኩት ያን ቀን ነው፤ በባዶ እግሬ፣ በጓሮዬ።

ገባሁ። ምሕረት ወዲያው ዝም አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና በኽምጣኛ "ስለ ፍየሏ ለእኔም ንገሪኝ" ልላት ሞከርኩ። አያቷን አየቻት። እኔን አየችኝ።

"እንደሱ አይባልም" አለችኝ። አስተካክላ ነገረችኝ። "ድገመው።"

ደገምኩት።

"አሁንም አይደለም።"

"ተይው ልጄ፣ አማርኛ አበላሽቶታል" አለች እናቴ። ምሕረት ሳቀች። በእኔ ሳቀች! በዚያ ሳቅ አላፈርኩም፤ እያለቀስኩ አብሬ ሳቅሁ። ክብር ለጌታ!

ያን ማታ ስልኩን ለስንዱ ስመልስ ፈተናው ጠዋት አልፎ ነበር። "አጥፍቻለሁ ልጄ" አልኳት። ይህን ቃል ለልጅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"አባ፣ ይህንንም ልጻፈው?" አለችኝ።

"ያየሽውን ጻፊ" አልኳት።

አሁን በቤታችን ሁለቱም ይነገራል። አማርኛውን ምሕረት ሳታስበው ለመደችው፤ ሁለት ቋንቋ ለልጅ ሸክም እንዳልሆነ ስንዱ አስረድታኛለች። እኔ አሁንም ቁጡ ነኝ፤ አልዋሽም። ግን ከደጅ ስደርስ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ወሬያቸው ሳይቋረጥ ስገባ ልቤ በጌታ ሐሴት ያደርጋል።

አባቶች፣ ስሙኝ። የተጣመመ ግድግዳ አፍርሶ መልሶ መገንባት ይቻላል፤ ልጅ እንደዚያ አይደለም። ልጃችሁ ስትገቡ ዝም የሚል ከሆነ ጨዋ ነው ብላችሁ አትኩሩ። ለጌታ ንገሩት፤ ታመኑት፤ መልሱን በልጃችሁ ስልክም ሊልክላችሁ ይችላል፣ አትናቁት።

ሁላችንን ያስከፈለንን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። ስንዱ ያንን የትምህርት ወቅት እንደገና ተማረች። ታደሉ ልጇን በሹክሹክታ አጫወተች። እናቴ በገዛ ልጇ ቤት ኮቴ እያዳመጠች ከረመች። ምሕረትም ይቅር ብላኛለች፤ ጌታም ይቅር ብሎኛል፤ ስሙ ይባረክ። ድምሩ ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው፤ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ያሳለፍኩት፣ ከእንግዲህም የማይመለስልኝ።