የኦሞድ ኩባያ

ባለፈው ቅዳሜ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚኒባስ እሄድ ነበር። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ረዳቱ ክንዴን ደግፎ አስገባኝና መስኮት ጥግ አስቀመጠኝ፤ እግዜር ይስጠው። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። ድምፁን ለቆት ስለነበር መኪናው ሙሉ አብሮት ሰማ። በሰው አገር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የእኛ አገር ልጅ ናት፤ አሠሪዋ በቆዳዋ ቀለም እየሰደበች ከነሻንጣዋ ከደጅ ስትገፈትራት ያሳያል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ረዳቱ እነዚህ ሰዎች ፈጣሪን አይፈሩም ወይ እያለ ተማረረ። አጠገቤ የነበረች ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ልጅ የወለደ ሰው እንዲህ ያለውን አይቶ እንዴት ይችላል?

ጥቂት እንደሄድን አንድ ወጣት ገባ። ረጅም ነው፣ በጣም ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ የአገሩ ምልክት በመስመር ተሠርቶበታል። ባዶ የነበረው ቦታ ከሴትዮዋ ቀጥሎ ያለው ብቻ ስለሆነ እዚያ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ተጠጋች፤ ተለጠፈችብኝ ማለት ይሻላል። ቅድም እንባዋን የጠረገችበትን የነጠላ ጫፍም እንዳይነካባት ሰብስባ በጭብጧ ያዘችው። ረዳቱ ሌላውን ሁሉ "ወንድሜ፣ እናቴ" እያለ ሂሳብ ሲሰበስብ ቆይቶ እሱ ጋ ሲደርስ "አንተ ጥቁሩ፣ ሂሳብ" አለው። አንዳንዱ ሳቀ። ልጁ ከፈለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

እኔ እስክወርድ ድረስ የማየው እጆቹን ነበር። ጉልበቱ ላይ ያሳረፋቸው ረጃጅም ጣቶች፣ ከወጣትነቴ ወዲህ ያላየኋቸውን የሌላ ሰው እጆች አስታወሱኝ።

ያኔ ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ነጥቆ የሚያስቀርበት ሰፈር። የሰፈሩ ሽታ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም አጠና የጫነ መኪና ባጠገቤ ሲያልፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ ይመለስብኛል። አባቴ አቶ መኮንን በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ፣ በመጋዘን ሠራተኝነት እኛን አሳድጎ፣ ጡረታ ሲወጣ የእድራችን ዳኛ ሆኖ ነበር። ንግግሩ የሚደመጥ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አባቴን የማማ እንዳይመስልብኝ።

የቤቱ ኩራት ግን ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ነበር። ለትምህርት ወደ ውጭ፣ በረዶ ወደሚበዛበት አገር ተልኮ ሳለ፣ አንድ ዓመት በክረምቱ ማብቂያ፣ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር በሚጠበስበት ወቅት፣ ሳናስበው ተመለሰ። ያነክሳል። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ጎረምሶች ከበው፣ ጥቁር ብለው፣ ዝንጀሮ ብለው፣ በብረት ቅልጥሙን ሰብረውት ኖሯል። አጥንቱ ቢገጥምም ቁስሉ አልድን ብሎ ያመረቅዝ ነበር።

ሰፈሩ ወደ ቤታችን ጎረፈ። ተስፋዬ ትራስ ተደግፎ ለመጣው ሁሉ ይተርካል። ከድብደባው ይልቅ ሰውን ያስለቀሰው የሻይ ቤቱ ነገር ነበር። አንድ ቀን ሻይ ጠጥቶ ሲነሣ አስተናጋጇ የጠጣበትን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ስትጥለው አየ። እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር እንደ አዲስ ደረቷን ትመታለች። "የእኔ ልጅ አፍ የነካውን?" ትላለች። አንድ እሑድ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ አባቴ ከመቀመጫው ተነሣና፣ ሰው በቀለሙ አይናቅም፣ ሁላችን የአዳም ልጆች ነን፣ ይህን የካደ ፈጣሪውን የካደ ነው ብሎ ተናገረ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በአባቴም ኮራሁ።

ያን ቀን ጥግ ላይ በርጩማ ስቦ ሻዩን የሚጠጣ አንድ ሰው ነበር። ኦሞድ ነው።

ኦሞድ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚሠራ ድሬሰር ነበር፤ ዛሬ ነርስ እንደምንለው ማለት ነው። ጋምቤላ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ጎሬ መጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ፣ እዚያው ክርስትና ተነሥቶ ያደገ ሰው ነው። ከእኛ በላይ ባለው ግቢ አጠና የሚነግደው የጋሽ ደበላ ተከራይ ነበር። የወንድሜ ቁስል ሲከፋ አባቴ ጋሽ ደበላን ለመነ፣ ጋሽ ደበላ ኦሞድን ላከ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጎራ እያለ መርፌ ይወጋዋል፣ ቁስሉን አጥቦ ያሽጋል። ገንዘብ ሲሰጡት አልቀበልም አለ። መርፌውን በትንሽ ድስት የምቀቅል፣ ጥጥ የማቀብል እኔ ነበርኩ። እነዚያ ረጃጅም ጣቶቹ ፋሻውን ሲፈቱ ተስፋዬ እንኳ አያቃስትም ነበር። ሌላ ሰው ሲነካው ግን ጩኸቱ ከአጠና ተራ ይሰማ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ሥራውን ሲጨርስ ሻይ እሰጠዋለሁ። በእኛ ቤት ሻይ የሚጠጣው በብርጭቆ ነው። ለኦሞድ ግን እማዬ ዙሪያዋ ሰማያዊ የሆነች፣ ጎኗ ላይ ቀይ አበባ የተሳለባት ነጭ ኩባያ ለይታለት ነበር። ሌላ ሰው አይጠጣባትም፤ ታጥባ መስኮቱ ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች። እኔ ከክብር ቆጠርኩት። የልጇ ሐኪም ስለሆነ ደህናዋን ዕቃ ሰጠችው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ውኃ ልትጠጣባት ስታነሣ "የኦሞድ ናት" ብዬ በኩራት ነገርኳት። ሴትዮዋ እጇን እንዳቃጠላት ሁሉ ለቀቀቻት። ያኔም አልገባኝም።

ፍቅር መቼ እንደጀመረን ብጠየቅ ቀኑን አላውቀውም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዘነበወርቅ መንገድ አብረን እንሄድ ነበር፤ ካፊያው እየወረደ ጥብስ በቆሎ እየፈለፈልን። ስለ ባሮ ወንዝ ያወራኛል። በማንጎ ወቅት ፍሬው ከዛፉ ወድቆ የሚያነሣው ይጠፋል ሲለኝ እየዋሸ ይመስለኝ ነበር። እሱ ደግሞ እኛ ለሎሚ የምንከራከር ሰዎች መሆናችን ያስቀዋል። ሳቁ ዝግ ያለ ነው፤ ሰው እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ዓይነት። ላገባው ፈለግሁ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም፣ ከዚያ ወዲህም የለም።

የተስፋዬ ቁስል በደረቀ በሳምንቱ ኦሞድ ሽማግሌ ላከ። በአዲስ አበባ ዘመድ ስላልነበረው ከእድሩ ሰዎች አንዳንዶቹን ለምኖ ነበር፤ አንዱ ወገቡን ታመመ፣ ሌላው መንገድ አለብኝ አለ። በመጨረሻ ጋሽ ደበላና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ መጡ። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ። አባቴ ተቀመጡ ሲላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ጋሽ ደበላ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጣን ሲል አባቴ ልጁ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ኦሞድ ነው አሉት። ከዚያ ሃይማኖቱስ አለ፤ በእኛው ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ መሆኑን ነገሩት። አገሩ ሩቅ ነው አለ፤ ሥራውም ኑሮውም እዚሁ ነው አሉት። አጥንቱ ይጠና፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ሁለተኛ ሲመጡ አባቴ እስኪናገሩ እንኳ አልጠበቀም። "ልጄ ታጭታለች" አላቸው።

ጋሽ ደበላ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ጎረቤት ነው፣ የማያውቀው ነገር የለም። በቀስታ፣ "አቶ መኮንን፣ ሰው በቀለሙ አይናቅም ያሉት እኮ እዚሁ ቤት፣ እዚችው ቦታ ላይ ቆመው ነው" አለው።

"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ሄዱ። እማዬ ጓዳ መጥታ አቀፈችኝና ሰው ባርያ አገባች ይልሽ የለም ወይ እያለች አብራኝ አለቀሰች። እኔ ግን አንድ ተስፋ ነበረችኝ። በዚያ ቤት ይህ ነገር የሚገባው አንድ ሰው ካለ ተስፋዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ክፍሉ ገብቼ አባባን አናግርልኝ፣ አንተ ካልካቸው ይሰሙሃል፣ በሰው አገር ያደረጉህን አስበው ብዬ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። ኦሞድ ያዳነውን ቅልጥሙን በእጁ አሻሸ።

"ወይንሸት፣ እኛ እኮ እንደነ ኦሞድ አይደለንም" አለኝ። "እዚያ ያሉትም የተሳሳቱት እሱ ላይ ነው።"

ክፉ እየተናገረ አይመስለውም ነበር፤ ለትንሽ እህቱ ነገር እያስረዳ ነው። ያን ለት ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ስድቡ በዓለም ላይ ስላለ አልነበረም፤ ስድቡ ቤት ተሳስቶ እኛ ጋ ስለመጣ ነበር።

ኦሞድ ወደ አገሩ እንዲዛወር ጠይቆ ተፈቀደለት። ከመሄዱ በፊት ጦር ኃይሎች ፌርማታው አጠገብ ተገናኘን። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አስቆመኝ። ሽማግሌ የላከው ስለ እኔ ክብር እንጂ እሺ ይሉኛል ብሎ እንዳልሆነ ነገረኝ። "እኔ ኩባያዋን ያየሁ ቀን አውቄዋለሁ" አለ።

"የቷን ኩባያ?" አልኩት።

ፊቴን አየና እንዳላወቅሁ ገባው። ተይው፣ ምንም አይደለም እያለ ወሬ ሊቀይር ሞከረ። ግን አንዴ ተነግሯል። መስኮቱ፣ ለብቻዋ መቀመጧ፣ የጎረቤታችን እጅ፣ የወንድሜ ብርጭቆ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ያን እሑድ ሁላችንም ስለ አንዲት ብርጭቆ ስናለቅስ እሱ ያችን ኩባያ ይዞ ጥግ ተቀምጦ ነበር።

"ታዲያ ለምን ጠጣህባት?" አልኩት።

"ሻዩን የምታመጪልኝ አንቺ ነበርሽ" አለኝ።

አውቶቡሱ መጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። አልካደችም፤ እንዲያውም ግራ ገባት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ እኔ አላመጣሁት፣ ደግሞ አበባ ያላትን ደህናዋን ነው የሰጠሁት አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሌሊት ለልጇ ስትጸልይ የኦሞድንም ስም ትጠራ እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ የሚጠጣበትን ዕቃ ለይታ፣ በጸሎቷ ግን ከልጇ ጋር ታስገባው ነበር።

የአባቴ ውሸት ግን ሥራ ነበረበት። የእድር ዳኛ ሽማግሌ ፊት ልጄ ታጭታለች ካለ መታጨት አለባት። ሰፈሩ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ጋሽ ደበላ በየማለዳው በደጃችን ያልፋል። አባቴ የባልንጀራውን ልጅ ፈለገልኝ፣ በጥር ድንኳን ተጣለ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ሦስት ልጆች ወልደን በሰላም ኖረናል። ግን እኔ የተዳርኩት የአባቴ ቃል ውሸት እንዳይሆን ነው። በሠርጌ ቀን አባቴ ሲመርቀኝ ዓይኔን አላየም። ተስፋዬ ደግሞ በዳነው እግሩ ሲጨፍር አመሸ፤ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ማረህ ይለው ነበር። በማን እጅ እንደማረው የጠየቀ የለም።

ከወላጆቼ ቤት የወሰድኩት ዕቃ ያች ኩባያ ናት። አባቴና እናቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ አልቀየምኳቸውም፣ ወይም ተቀይሜ ደክሞኛል። ተስፋዬ እስካሁን የሻይ ቤቱን ታሪክ ለልጅ ልጆቹ ይተርካል። እነሱም ያለቅሳሉ። እንባቸው ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የሚኒባሷ ሴትዮ እንባም እውነተኛ ነው፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ዘንድ መድረስ ብቻ አልቻለም።

ቅዳሜ ቤት ስገባ የልጄ ልጅ ሶልያና ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኔ አናት ላይ ኩባያዋን ልታወርድ እጇን እንደዘረጋች ደረስኩ። እናቷ ከማድ ቤት ሆና "የእማማ ናት፣ እንዳትነኪያት" ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ እጇን እንዳቃጠላት ሁሉ ሰበሰበች። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቅር ብዬ ከዕቃ ሁሉ ለይቼ፣ ከፍ አድርጌ፣ ማንም እንዳይነካት አድርጌ ያኖርኳት እኔው ነኝ። በፍቅርም ይሁን በንቀት፣ ያች ኩባያ ከሰው ጋር ውላ አታውቅም።

አውርጄ ሻይ ቀዳሁባትና ለሶልያና ሰጠኋት። የማን ናት ስትለኝ የኦሞድ ናት አልኳት። ኦሞድ ማነው አለችኝ። ቁጭ በይ አልኩና ነገርኳት፤ እናቷም እጇን እየጠረገች መጥታ ሰማች። ስንጨርስ ኩባያዋን ከብርጭቆዎቹ ጋር በአንድ ሳፋ አጠብኳትና እዚያው መሐላቸው ደፋኋት።