ሽንኩርት የላጥሁ ዕለት

የታሰርሁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ተዝካር ላይ ባወራኋት ቀልድ ነው። ቀልዷ ያን ያህልም አታስቅም ነበር፤ ለእሷ መታሰሬ እስካሁን ይቆጨኛል። ቡሬ ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጨመሩን። በቆሎው ወጥቶ ነቀዙ ቀርቷል። በብናኙ ስንስል አደርን።

አብረውኝ የታሰሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ዲግሪ ነበራቸው። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ሳልደግም የተባረርሁ ነኝ። እንዲህ ካለ ጉባኤ መሀል መቀመጤን ለእስሩ ውለታ ቆጠርሁለት።

ሴቶቹ ግቢው ማዶ፣ ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነበሩ፤ ወጥ የሚሠሩልን እነሱ ናቸው። አንደኛዋ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀች ልጅ ናት። ከሥራ ቃለ መጠይቅ ስትመለስ ከሚኒባስ አውርደው ነው የያዟት።

አንድ ረፋድ ላይ የጉድጓዱን ውኃ የሚስበው ሞተር ቆመ። እስከ ቀትር ጠብታ ጠፋ። የጠባቂዎቹ ኃላፊ በሩን ከፍቶ፣

«ሞተር የሚያውቅ አለ?» አለ።

ወጣቶቹ ተያዩ። ታሪክ፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ሶሺዮሎጂ። ባለ ሶሺዮሎጂው እጁን አወጣ፤ ፀሐይ መሞቅ አምሮት እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ወጥቶ ሞተሩን እንደ ታመመ በሬ ሆዱን ዳበሰው።

«መሃንዲሷ እኮ ያቻት፣» አልሁ ከበሩ ብቅ ብዬ።

«ወጡንስ ማን ይሥራው፣ አባቴ?» አለ ኃላፊው።

«እኔ።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንኳ የጎረቤት ምጣድ እያሸተትሁ ነው የኖርሁ። ኃላፊው ግን ጠምቶታል፤ ወደ ምድጃው እንድሄድ በእጁ አሳየኝ።

«ጣትዎን እንዳይቆርጡ፣ አባባ፣» አለች ልጅቱ ሽንኩርቱንና ቢላውን ስታቀብለኝ። «ቃለ መጠይቁም ላይ ይኸው ነው። ‹ስትወልጂ ማሽኑን ማን ይይዘዋል?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹ማሽኑ ጡት አይጠባም› አልኋቸው።»

«እንግዲያ ሥራው ቀረብሽ።»

«ቀረብኝ።»

ሞተሩን ፈታችው። ባለ ሶሺዮሎጂው የቱን መፍቻ እንደሚያቀብላት እሷው እያሳየችው፣ የተዘጋ ቱቦ አጽድታ መልሳ ገጠመች። ሞተሩ አስሎ ተነሣ። ውኃው ቀይ ሆኖ ጀመረና እየጠራ መጣ።

ኃላፊው ጠጥቶ ሲያበቃ የባለ ሶሺዮሎጂውን ልጅ ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ጎበዝ። ስትፈታ ሥራ አላጣልህም።» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ወጡ ሳያር ሂጂ።»

ልጁ መሬት መሬት እያየ መፍቻዎቹን ለቀመ። እሷ እጇን ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት ታጠበች። መጥታ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣

«የዛሬው ወጥ የአባባ ነው፣» አለች። «እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ያን ቀን ድስት አልነካችም። ማንም አላስነሣትም። ወጡ አረረ፤ ሁላችንም በላነው።

ስንፈታ ኃላፊው ቃሉን አከበረ። ልጁ ዛሬ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የውኃ ሞተር ተቆጣጣሪ ነው፤ በትምህርቱ ያጣውን ሥራ በጢሙ አገኘው። ሞተሩ ሲቆምበት ለማን እንደሚደውል ራሱ በሹክሹክታ ነግሮኛል።

እሷ ቡሬ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራለች። በቀደም ጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ «ስልኩን ለምን ታነሺለታለሽ?» አልኋት።

«ሕዝቡ ምን በደለ፣ አባባ? ይጠማዋል።»

እጇ በርበሬ ነክቶ ነበርና ስሰናበታት የጨበጥኋት ክንዷን ነው።