በጾም ጸሎቱ ቀን የዋለው ጨዋታ

የካቲት ሲጋመስ ሲያትል ውስጥ ዝናቡ መዝነቡን ትቶ ዝም ብሎ አየሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰውም ጃንጥላውን ቤቱ ጥሎ ኮፍያውን ደፍቶ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ታኮማ ካለው ሥራዬ ስመለስ፣ ሰፈሬ ኖርዝጌት ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የመኪናዬን ሬዲዮ ስነካካ ከአሪዞና በረሃ የሚተላለፍ የቤዝቦል ማሟሟቂያ ጨዋታ አገኘሁ። ወርዋሪው ወረወረ፣ ዱላው ኳሷን ደህና አድርጎ አገኛት፣ ያ ደረቅ የእንጨት ድምፅ ፀሐይ ካለበት አገር ተነሥቶ የኔ ዝናብ መጥረጊያ እስከሚንሿሿበት ድረስ መጣ፤ እኔም የሠላሳ ሰባት ዓመቷ ሴትዮ ብቻዬን "ዘንድሮስ የኛ ነው" አልኩ። ቡድናችን በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ጊዜ የዓመቱን ዋንጫ አላነሣም። ይህ ግን እምነቴን አላጎደለውም፤ እንዲያውም ዋንጫው ወደኛ የሚመጣበት ቀን በየዓመቱ አንድ ዓመት እየቀረበ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ይህን በሽታ ያጋባብኝ አባቴ ነው። አባቴ ግርማ ኦበርን ባለ መጋዘን ውስጥ እየሠራ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያነሣና ሲጥል የሚውል፣ እሑድ ደግሞ ሱፉን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሽማግሌዎች አንዱ ሆኖ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ቤዝቦልን የወደደው መጋዘኑ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚከፈተው ሬዲዮ ሲሆን፣ እንግሊዝኛውንም ግማሹን የተማረው ከዚያው ስለነበር፣ ባንክ ሄዶ ገንዘብ ከፋይዋን ሲያመሰግን እንኳ እንደ ጨዋታ አስተላላፊ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ለምን ይህን ጨዋታ እንደመረጠ ሲጠይቁት፣ ሥራ ቦታ ደቂቃ ሲቆጠርብኝ እውላለሁ፣ ሰዓት የማይቆጠርበት ጨዋታ ደግሞ እሱ ብቻ ነው ይል ነበር።

ክረምቱን የምንገፋው በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ነበር። መጋቢት ሲገባ ስልሳ አራት ትምህርት ቤቶች የተሸነፈው እየወጣ ያሸነፈው እያለፈ የሚጋጠሙበትን ሰንጠረዥ አባቴ ከጋዜጣ ቆርጦ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈዋል፤ ሦስታችንም የየራሳችንን አሸናፊ በተለያየ ቀለም እናሰምርበታለን። አባቴ ሐበሻ በብዛት ያለበትን ግዛት ያስቀድማል። እኔ አሠልጣኙ አብዝቶ የሚጮኸውን እመርጣለሁ። እናቴ ከጨዋታው የምታውቀው ኳሱ ቀለበቱ ውስጥ መግባት እንዳለበት ብቻ ስለሆነ፣ ማሊያቸውን ቁምጣቸው ውስጥ በሥርዓት የከተቱትን ልጆች አይታ ታሰምራለች፤ ሁልጊዜም የምታሸንፈን እሷ ናት። ውርርድ ኃጢአት በመሆኑ የአሸናፊው ሽልማት ለአንድ ሳምንት ዕቃ አለማጠብ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ዓመት ግን ልቤ ከሰንጠረዡ ይልቅ ሌላ ቦታ ነበር። አባቴ ገና በገና ሰሞን ሦስት ቲኬት ገዝቶ፣ በከተማችን የሚደረገውን የዓመቱን የመጀመሪያ የቤዝቦል ጨዋታ በዓይኔ እንደማይ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያ ድረስ ጨዋታ የማውቀው በጆሮዬ ብቻ ነው። በካልሲ በሠራሁት ኳስ የሳሎናችንን ግድግዳ ስደበድብ ከታች ያሉት ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ ይመልሱልኛል፤ እኔም የመጋቢትን ቀኖች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ከዚያ አንድ እሑድ ከመድረኩ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። ቀኑ የተወሰነው አባቴ የማታ ፈረቃ ገብቶ በቀረበት ስብሰባ ነበር። የመዝጊያው ቀን ሐሙስ፣ ልክ በጨዋታው ዕለት ዋለ፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት ጸሎቱን እንዲመራ የተመደበውም አባቴ ሆኖ ተገኘ። ዞር ብዬ ባየው ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሏል። የሽማግሌ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ ስለማውቅ፣ አለቀልኝ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሰኞ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ተቀምጫለሁ። ሁሉም የሚፈሯቸው ጋሽ በየነ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው የሚዞሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ አዛውንት። አባቴ ሻዩን ቀድቶ ሲጨርስ፣ ሐሙስ ከሰዓት መምራት ስለማይችል ሌላ ሰው እንዲተኩለት ጠየቀ።

"ሥራ ልትገባ ነው?" አሉት ጋሽ በየነ።

አዎ እንዲል እኔ እንኳ ጸለይኩ። እዚህ አገር "ሥራ ነኝ" የሚል ሰው ከጸሎትም ከለቅሶም ቢቀር ምሕረት አያጣም።

"አይደለም፣ ጋሽ በየነ። ልጄን ኳስ ላሳያት ቃል ገብቻለሁ።"

አንደኛው ሽማግሌ፣ ጸሎት ትቶ ኳስ የሚሄድ ሰው ሽማግሌነቱን ቢያስብበት ይሻላል አሉ። አባቴ በዚያው ድምፁ፣ እሱንም ጉባኤው ይወስን፣ የተወሰነውን እቀበላለሁ፣ ጾሙን ግን አልተውም፣ ጾሜን ነው የምሄደው ብሎ መለሰ። ጋሽ በየነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲያው እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ሽማግሌን ከጸሎት የሚያስቀር ነገር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ልየው።"

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቲኬቷን እንደምትሰጣቸው አስታወቀች።

ሐሙስ ዕለት በሁለት ጾመኛ ሽማግሌዎች መሐል ተቀመጥኩ። ሜዳው ከሬዲዮው ይልቅ አረንጓዴ ነበር፤ ሌላ እንዴት እንደምለው እስካሁን አላውቅም። ግራና ቀኙ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ድንች ይሸታል። አባቴ ለኔ ሆት ዶግ ገዛልኝ፤ እኔም በሰናፍጭ እየተቀባሁ ስበላ ጋሽ በየነ ፊታቸውን ከሜዳው ላይ ሳያነሡ ምራቃቸውን ዋጡ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር አባቴን ጠየቁት።

ሰባተኛው ዙር ላይ ተመልካቹ ሁሉ እግሩን ለማፍታታት ተነሥቶ ባንድነት መዝፈን ልማድ ነው። ይህን ለጋሽ በየነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ባንዴ ብድግ ሲል፣ የጸሎት ሰዓት ደረሰ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ለከተማይቱ፣ ለሹማምንቷ፣ ለመበለቶቿ በአማርኛ ይማልዱ ጀመር። እኔ በሐፍረት ልሞት ምንም አልቀረኝም። አስቁማቸው ብዬ የአባቴን ኮት ጎተትኩ። እሱ አየኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው ቆመና "አሜን" አለ። ዘፈኑ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ጸሎቱ ገና ነበር፤ ከኋላችን ቢራ የያዘ አንድ ግዙፍ ሰውዬ እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸውና እሱም አሜን ብሎ ተቀመጠ።

ተሸነፍን። መኪና ውስጥ፣ መንገዱ ሲጋመስ ጋሽ በየነ ወደ አባቴ ዞሩ።

"ግርማ፣ ጉባኤውን ላለማስቀየም ብለህ ብትዋሸኝ ኖሮ ሽማግሌነትህን እኔው ራሴ እወስደው ነበር።"

ለማታው የመዝጊያ ጸሎት ደረስን። የአባቴን ሽማግሌነት ጉዳይ ከዚያ ወዲያ ያነሣው የለም፤ በየዓመቱ የጾም ጸሎቱ ቀን ሊወሰን ሲል ግን ጋሽ በየነ አስቀድመው "ግርማ፣ የናንተ ኳስ መቼ ነው?" ብለው ይጠይቁት ነበር።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። አባቴ ካረፈ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ይናፍቀኛል፣ በተለይ በዚህ ሰሞን። ስታዲየሙ እዚያው አለ፣ ከኖርዝጌት የሚነሣው ባቡር አጠገቡ ያወርደኛል፣ ወርዋሪዎቻችንም የዘንድሮዎቹ የሚያስፈሩ ናቸው። የጎደለው ሌላ ነው። እኔ የዚያ ሰው ልጅ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን በመጣ ቁጥር ጠዋት ወደ ሥራ ቦታ ደውዬ ሆዴን አሞኛል ስል ኖሬአለሁ። አለቃዬ ራሄል፣ በዲቪ ሎተሪ መጥታ ከኔ በታች ጀምራ በላዬ ያለፈች ጎበዝ፣ በየዓመቱ ዝንጅብል አፍልቼ እንድጠጣ ትመክረኛለች።

ትናንት ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ራሄል፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን አልመጣም። ኳስ ልሄድ ነው።"

ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ አየችኝ። "ኦኬ። ሶ፣ አምናም ሆድሽን አሞሽ አልነበረም ማለት ነው?"

"አልነበረም" አልኳት።

ፈቀደችልኝ። እኔ ግን ያቺን አንዲት ቃል ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አባቴ በስድስት ሽማግሌዎች ፊት ሲናገር የሱ አልተንቀጠቀጠም ነበር።