ገና የሚያወራው ጋን

አክስቴ ጠላዋ መድረሱን የምታውቀው ቀምሳ አልነበረም። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ታስጠጋና እጇን ታነሳለች፤ ያኔ ኮሶዬ ባለው ቤታችን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ምስለኔው ይመጣል ከተባለው ቀን ቀድሞ ደጃችን ላይ ከበቅሎው ወረደ። የመሬታችን ክርክር በእሱ እጅ ስለነበር የአክስቴ ባል ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው አንቺ፣ ቅጂ እንጂ!» አላት።

ጆሮዋን አስጠጋች። «ገና እያወራ ነው። ዝም ሳይል ከተከፈተ ይደፈርሳል። ድፍርስ ጠላ ደግሞ ከእኔ ቤት አይወጣም።»

በዋንጫ ውሃ ቀድታ ራሷ ወጣች። «ጌታዬ፣ ጠላዬ አልደረሰም» አለችው። ባሏ በላብ ተጠመቀ፤ የእሷ እጅ ግን አልተንቀጠቀጠም። ምስለኔው ውሃውን ተቀብሎ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ለጠላው ተመልሶ መጣ።

ነገ የአክስቴ አርባ ነው። ለተዝካሯ የጠመቅሁትን ጠላ ዛሬ ጠዋት ከአንደኛው ጋን ብቀዳው ድፍርስ ነው፤ ሲቀምሱትም ውሃ ውሃ ይላል። ጥፋቱ የራሴ ነው። እንግዳ ይበዛል ብዬ ውሃ አበዛሁበት፤ አላስችል ብሎኝም በየቀኑ እየከፈትኩ አየሁት።

የቀረው ሁለተኛው ጋን ብቻ ነው። ሊያግዙኝ የመጡት ሴቶች «ክፈቺው፣ ነገ እኮ ካህናቱ ይመጣሉ!» ሲሉኝ ጆሮዬን አስጠግቼ እጄን አነሳሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከውስጥ ጠላው ይንሾካሾካል።

«ገና እያወራ ነው» አልኩ።

ነገ እንደ አክስቴ ውሃ ይዤ ካህናቱ ፊት የምወጣው እኔ ነኝ። እጄ ግን ከአሁኑ እየተንቀጠቀጠ ነው።